ዋናው የታለ?

እትዬ ዓለሚቱን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያወቅኳቸው በአንድ ጥያቄ ነው።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አሉኝ።

ሰውዬው እኔ ነበርኩ።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ያለውን የግቢያቸውን ሰርቪስ ለቢሮ ከተከራየን ገና ሳምንታችን ነበር። ከጓደኛዬ ከታምራት ጋር «አርባ ጭነት» የሚባል ስታርታፕ ጀምረናል። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሙዝ ያለው ገበሬ መኪና ይፈልጋል፣ ዕቃ አራግፎ ባዶውን ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሹፌር ደግሞ ጭነት ይፈልጋል፤ ሁለቱን በስልክ እናገናኛለን። ሶፍትዌሩን የሚሠራው ታምራት ነው። እኔ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነኝ። ሌላ ሠራተኛ አልነበረንም።

የዚያን ቀን ቢሮው ሞቆብን፣ ለኢንቨስተሮች የምናሳየውን ስላይድ በወረቀት አትመን እትዬ በረንዳ ላይ ዘርግተነዋል። እሳቸው መጡ፤ አንገታቸው ላይ በክር የተንጠለጠለውን መነጽር አደረጉና ጣታቸውን በምላሳቸው ነካ እያደረጉ ገጾቹን መግለጥ ጀመሩ። «የአመራር ቡድናችን» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ፎቶዬ አለ፤ ኮትና ከረቫት አድርጌአለሁ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ማቴዎስ፤ መሥራችና ዋና ሥራ አስፈጻሚ። በሲቪል ምህንድስና የተመረቀ፣ በሎጂስቲክስ ዘርፍ የካበተ ልምድ ያለው ባለራእይ መሪ።»

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ፎቶውን አዩ።

«ኮቱ የማነው?»

«የታምራት አጎት።»

«እሺ። የኮቱ ጉዳይ ተጣራ» አሉና ቀጠሉ። «ራእዩን ያየኸው መቼ ነው?»

ታምራት ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ጓዳ ገባ።

እትዬ ዓለሚቱ በዞኑ አንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ማህደር ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የሠራተኛው ሁሉ የግል ማህደር በእጃቸው አልፏል። ማን በስንት ነጥብ ተመረቀ፣ ማን ሳይመረቅ ተመረቅሁ አለ፣ ማን ዕድሜውን ሦስቴ ቀነሰ፣ ሁሉን ያውቃሉ። አንድም ቀን ግን የሰው ስም ሲያነሡ አልሰማሁም። ይህንን የተረዳሁት አብሬአቸው ገበያ ስወጣ ነው። ትልልቅ ሰዎች፣ መኪና ያላቸው፣ ሆድ ያላቸው፣ መኪናቸውን አቁመው ወርደው ጎንበስ ብለው ይስሟቸዋል። አንዱማ ቲማቲማቸውን ተቀብሎ እስከ ቤት አደረሰልን።

«እትዬ፣ ሰው እንዴት ነው እንዲህ የሚያከብርዎት?» ብላቸው፣

«ማህደር ጥሩ ነገር ነው» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የአፋቸው ቃል «ዋናው የታለ?» ነበር። ማህደር ቤት ውስጥ ኮፒ ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ እንዲያ ሲሉ ኖረው ምላሳቸው ላይ ቀርቶ ነው። የጎረቤት ልጅ ታጨች ሲባሉ፣ ዋናው የታለ? ባለሱቋ ወተቱ የዛሬ ነው ስትላቸው፣ ዋናው የታለ? ታምራት በስልኩ አይቶ «ከሰዓት ይዘንባል» ሲል አንጋጠው ሰማዩን አዩና፣ «ዋናው የታለ?» አሉት።

እንግዲህ ስላይዳችን እኚህ ሴት እጅ ገባ።

የስላይዱ ሐሳብ የአዲስ አበባው አማካሪያችን ነው። በስልክ ብቻ ነው የምናውቀው። «ኢንቨስተር የሚገዛው ሐሳብ አይደለም፣ ሰው ነው» ይለናል። «እናንተን ነው የሚያየው። ስለዚህ ራሳችሁን ከፍ አድርጉ!» እኛም ከፍ አደረግን። ታምራትን «ሲኒየር ሶፍትዌር አርክቴክት» አልነው። እትዬ ስንት ዓመት እንደሠራ ጠየቁት።

«ሁለት ዓመት።»

«በሁለት ዓመት ሲኒየር? እኛ መሥሪያ ቤት በሁለት ዓመት ሰው የሻይ ክበቡን መንገድ ነበር የሚለምደው።»

ከእኛ ቀጥሎ «የአማካሪ ቦርድ» የሚል ገጽ ነበረን። እዚያ ላይ አንድ ሰርግ ቤት ያገኘናቸውን ፕሮፌሰር ፎቶ ለጥፈናል።

«ሰውዬው ያውቃል?» አሉ እትዬ።

«ምኑን?»

«አማካሪያችሁ መሆኑን።»

በሳምንቱ ሁለት አዲስ ክላሴር ገዝተው መጡ። አንዱ ላይ የታምራትን፣ አንዱ ላይ የእኔን ስም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጻፉ። «ማህደራችሁን እኔ እይዛለሁ። ደሞዝ አልፈልግም፣ ቁጭ ብዬ መዋል አሞኝ ነው» አሉ። ሕጋቸው አንድ ብቻ ነው፤ ማህደር ውስጥ ማስረጃ የሌለው ነገር ስላይድ ላይ አይወጣም። ታምራት በማግሥቱ ዲግሪውን ከነዋናው አምጥቶ አስመሳከረ። «ሲኒየር» የምትለዋን ግን አሰረዙት። ፕሮፌሰሩም ከነፎቷቸው ወጡ።

እኔ ጋ ሲደርስ ነገሩ ተያዘ። «ዲግሪህስ?» ሲሉኝ «ካምባ እናቴ ጋ ነው» አልኩ። በሳምንቱ ሲጠይቁኝ «እናቴ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች» አልኩ። በሌላው ሳምንት «ቁልፉ ጠፍቷል» አልኩ። እትዬ «እሺ» ብቻ ነው የሚሉት። አንድ ቀን ግን «ነገ ካምባ ለቅሶ ልደርስ ነው። መንገዴን እናትህ ጋ ብቅ ብዬ ሣጥኑን አሰብራለሁ» አሉኝ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ደረስኩ። የካምባው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሰው እየሞላ ነው። እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበው መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። ከውጭ ሆኜ በመስኮቱ፣

«እትዬ፣ ዲግሪ የለም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«ዲግሪ ያለው ሰው ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል እንጂ ካምባ አያስቀምጠውም።»

እዚያው ቆሜ ሁሉን ነገርኳቸው። ሰሜን ያለ ዩኒቨርሲቲ ነበር የደረሰኝ፣ የአምስት ዓመት ትምህርት። ሦስተኛ ዓመት ላይ ውጤቴ ወድቆ ተባረርኩ። ለእናቴ መናገር አቃተኝ። አርባ ምንጭ መጥቼ የሙዝ መኪና ላይ ረዳት ሆኜ ሁለት ዓመት ከአዲስ አበባ ተመላለስኩ። ምረቃው መድረስ የነበረበት ጊዜ ሲደርስ ኮሮና መጣ፤ እኔም «በበሽታው ምክንያት የምረቃ ሥነ ሥርዓት ቀርቷል» ብዬ ደወልኩላት። እናቴ አመነችኝ።

«እስካሁን አታውቅም?» አሉ እትዬ።

«አታውቅም።»

«ታዲያ እኔ ላይ ምን ታፈጣለህ? ግባ። ከኋላ አንድ ቦታ አለ።»

ገባሁ። በመንገዱ ሁሉ፣ ቅጥቅጡ አቀበቱን እያቃሰተ ሲወጣ፣ እሳቸው ያስረዱልኝ እንደሆን ብዬ ደጋግሜ ለመንኳቸው። «እኔ የመጣሁት ለቅሶ ልደርስ ነው። አፌን አላውስህም» አሉኝ።

እናቴ ከቤታችን ደጃፍ በርበሬ ስታሰጣ አገኘናት። እንግዳ ስታይ ደነገጠች፣ ቀጥላ ደስ አላት። «ግባ፣ ግባ፣ እህቴ!» አለቻቸው። የእናቴ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም። እትዬ ወዲያው ወደ ጋሞኛ ዞሩ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ዶርዜ ያለ የጋራ ዘመድ አገኙ። ከበቆሎ ዱቄትና ከጎመን የተሠራ ኩርኩፋ ቀረበ። ከበላን በኋላ እትዬ «እንሰትሽን ልይ» ብለው ወጡና ሁለታችንን ትተውን ሄዱ።

ነገርኳት። በአንድ ትንፋሽ ነው የነገርኳት፣ መሬት መሬት እያየሁ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ያላሰብኩትን ነው።

«አራተኛና አምስተኛ ዓመት ሰው ፈልጌ አዲስ አበባ ድረስ የላክሁልህን በሶ ማን በላው?»

«እኔና ሹፌሩ።»

«ሹፌሩ ወደደው?»

«ወደደው፣ እማዬ።»

ራሷን ነቀነቀች። ቀጥሎ ፊቷ ተለወጠ። «ቤተ ክርስቲያን ቆሜ መስክሬአለሁ እኮ» አለች። «ጉባኤው ፊት። ልጄን ኢንጂነር አደረገልኝ ብዬ አመስግኜአለሁ። እግዚአብሔር ፊት ዋሸሁ ማለት ነው?»

ከዩኒቨርሲቲ ስባረር አላለቀስኩም። ያኔ አለቀስኩ። እትዬ ዓለሚቱ በሩ ላይ ቆመዋል፤ መቼ እንደመጡ አላየሁም።

«እህቴ» አሏት፣ «አንቺ የመሰከርሽው በተሰጠሽ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሐሰተኛ ከሆነ ጥፋቱ የሰጪው ነው።»

«እሁድ ታዲያ ምን እላለሁ?»

«ይሄንኑ። ልጄ ኢንጂነር አይደለም፣ ግን መጥቶ ነገረኝ በያቸው።»

ስንወጣ እናቴ እትዬን ሦስት ጊዜ ሳመቻቸው፤ እኔን አልሳመችኝም። እሁድ ግን እንደተባለችው ተነሥታ ተናግራለች። ማታ ደወለችልኝ። «ከበፊቱ ይበልጥ አሜን አሉ» አለች፤ ድምፅዋ ላይ ትንሽ ኩራት ነበረ።

አርባ ምንጭ ስንመለስ እትዬ በረንዳቸው ላይ አስቀመጡኝና እስክሪብቶ አወጡ።

«ረዳት ሆነህ ምን ሠራህ?»

«ጫንኩ፣ አራገፍኩ፣ ጎማ ቀየርኩ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ እትዬ፣ ረዳት ነበርኩ።»

«አልጠየቅሁህም እንዴ? ሌላስ?»

ቀስ በቀስ መጣልኝ። ሙዝ ከላይ በፀሐይ፣ ከሥር በክብደት እንደሚጎዳ፤ ሸራው መቼ መከፈት፣ መቼ መዘጋት እንዳለበት፤ የትኛው ሹፌር ሳይተኛ እንደሚነዳና ለምን ጭነት እንደማይሰጠው፤ ገበሬው ቆርጦ ደርድሮ መኪናው ሲቀርበት ፊቱ ምን እንደሚመስል። «አርባ ጭነት»ን ያሰብኩት እኮ ላንቴ የምትባል የገጠር ቀበሌ አንድ ሽማግሌ ከተቆረጠ ሙዛቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ ሦስት ባዶ መኪና ሳያያቸው ሲያልፍ አይቼ ነው። እትዬ ሁሉን ጻፉ።

«ማስረጃ?» አሉ ሲጨርሱ።

የድሮ ሹፌሬን ጋሽ ሽብሩን ፈልጌ አመጣሁ። ተናገሩ፣ እትዬ ጻፉ፣ ጋሽ ሽብሩ ፈረሙ። ደብዳቤው እንዲህ የሚል ነበር፦ «ልጁ ሰነፍ አይደለም። ዕቃ አይጥልም። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን እየዘፈነ አሠቃይቶኛል፤ ድምፅ የለውም።» የመጨረሻዋን እንዲያወጡልኝ ብለምን «ምስክር አይከረከምም» ብለው እንዳለ አስገቡት።

አዲሱ ገጽ እንዲህ ሆነ፦ «ማቴዎስ፤ መሥራችና ዋና ሥራ አስፈጻሚ። ሲቪል ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ላይ በውጤት ተሰናብቷል። ሁለት ዓመት የሙዝ ጭነት መኪና ረዳት ነበር።» አማካሪያችን ሲያነበው ስልኩ ላይ ጮኸ። «በውጤት ተሰናብቷል? ማን ጠየቃችሁ? ራሳችሁን ገደላችሁ እኮ!»

ኢንቨስተሮቹ ሦስት ሆነው ከአዲስ አበባ መጡ፤ ሐይቁን ቁልቁል የሚያሳይ አንድ ሆቴል ተቀበልናቸው። እትዬ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሁለቱን ክላሴር እጉያቸው ይዘው ከኋላ ተቀመጡ። መሐል ያለው ሰውዬ የእኔ ገጽ ላይ ሲደርስ፣

«ዋና ሥራ አስፈጻሚው ረዳት ነበር?» አለና ዞር ብሎ አብረውት ያሉትን አያቸው። ሳቁ።

«አዎ» አልኩ። የሚገርመው ግን ከዚያ በኋላ የምፈራው ነገር አልነበረም። አብራቸው የመጣችው ሴት ሙዝ የት የት እንደሚበላሽ ጠየቀችኝ፤ ስመልስላት አንድ ሰዓት ሄደ። ሲወጡ ሰላም ያሉን በደንብ ነው። ታምራት «በቃ፣ ተሳካልን» አለኝ።

አልተሳካልንም። በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ሐሳቡን ወደውታል፤ ነገር ግን «የዋና ሥራ አስፈጻሚው የትምህርት ዝግጅት» የሚጠብቁትን አያሟላም። ታምራት ወንበር በእርግጫ መታ። እኔ የተባረርኩበት ቀን እንደገና የመጣ መሰለኝ። እትዬ ደብዳቤውን ተቀብለው አነበቡ።

«ቀን አለው፣ ቁጥር አለው፣ ማህተም አለው። ጥሩ ደብዳቤ ነው» አሉና በስተው ማህደሬ ውስጥ አስገቡት።

ከሰዓት ግን ራሳቸው ሄደው የጫሞ ሐይቅ ዓሣ ገዝተው ጠበሱና ጠሩን። እየበላን ሳለ፣ እኔን ሳያዩ ታምራትን «በፊት የጻፋችሁትን ብታሳዩአቸው ኖሮ ይሰጧችሁ ነበር?» አሉት።

ታምራት ዋሾ አይደለም። «ይመስለኛል» አላቸው።

«እሺ» አሉ። የዓሣውን አጥንት እየለቀሙ ለረጅም ጊዜ ተቀመጡ። ራሳቸውን ተጠራጥረው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «እትዬ፣ ከእናቴ ጋር አስታርቀውኛል እኮ» ብላቸው «ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አሉኝ።

ወራት አለፉ። በጥቂት ሹፌሮችና በጥቂት ገበሬዎች እየተፍገመገምን ቆየን። ከዚያ ሌላ ኢንቨስተር መጣ፤ ይኼኛው ጥንቁቅ ነው። ገንዘብ ከማውራቱ በፊት የመሪዎቹን ታሪክ መሥመር በመሥመር አጣራለሁ አለ። ማስረጃ እንድንልክ የአንድ ወር ጊዜ ሰጠን። እትዬ በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱን ክላሴር ስካን አስደርገው ላኩ። ሰውዬው በአንድ ቀን ሲደርሰው ስህተት የተፈጠረ መስሎት ደውሎ «ሁሉም ይኼ ነው?» አለ። ጋሽ ሽብሩ ጋም ደውሎ ነበር፤ ስለ ዘፈኔ ግማሽ ሰዓት አወሩ። ውል የተፈራረምንበት ቀን እትዬ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት፤ የውሉን ዋናውን።

ዛሬ ቢሮአችን ሰፋ ብሏል፤ አሥራ አራት ሆነናል። ሁሉም ማህደር አላቸው፤ እትዬ እስከ መጨረሻው ይይዙ ነበር። ያረፉት ባለፈው ዓመት፣ ጠዋት ቤታቸው ውስጥ፣ ሳይታመሙ ነው።

ድንኳን ተጥሎ ሰው ሲገባ ሲወጣ፣ ከሐዋሳ የመጣችው ልጃቸው ትዕግሥት ወደ ጓዳ ጠራችኝ። ዐይኗ አብጧል።

«የሕይወት ታሪኳን አንተ ጻፍልኝ» አለችኝ። «የመምሪያ ኃላፊ ነበረች በል። ያን ያህል ዓመት ሠርታ ማህደር ሠራተኛ ነበረች ሲባል ደስ አይልም። ማን ያጣራል?»

«የራሳቸው ማህደር አለ?» አልኳት።

ቁምሳጥኑ ውስጥ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን አብረን ገለጥነው። ማህደር ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ፤ ማህደር ሠራተኛ ሆነው ጡረታ ወጡ። መሐል ላይ አንድ ወረቀት አለ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። በአንድ ወር ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ስላረፈዱ የተሰጠ። እኔ መጀመሪያ የገረመኝ ወረቀቱ እዚያ መገኘቱ ነው። የማህደር ቤቱ ቁልፍ ሠላሳ አንድ ዓመት በእጃቸው ነበር። ለአንድ አፍታ ስቦ ማውጣት ነው እኮ።

ትዕግሥት ቀኑን አነበበች። ደግማ አነበበች።

«ይሄ አባዬ ሆስፒታል ተኝቶ የነበረበት ወር ነው» አለች። «እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቁርሱን አብልታው ነበር ወደ ሥራ የምትሄደው። በዚያው ወር ነው የሞተው።»

ገጾቹን ወደፊትም ወደኋላም አየን። የማመልከቻ ወረቀት የለም፣ የይግባኝ ወረቀት የለም። ምክንያታቸውን የትም አልጻፉም።

«ለምን አልነገረቻቸውም?» አለች ትዕግሥት።

«የሐኪም ወረቀት አልያዙም ይሆናላ» አልኳት።

ትዕግሥት በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። «ጻፈው» አለች። «ኃላፊ ነበረች አትበል። ማህደር ሠራተኛ ነበረች በል። ማስጠንቀቂያውንም ጻፈው፣ ምክንያቱንም ጻፈው። ምስክሯ እኔ ነኝ።»

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ከፍትሐቱ በኋላ መቃብሩ አጠገብ ቆሜ አነበብኩ። ከተማው ሁሉ ነበር። እነዚያ ጎንበስ ብለው ይስሟቸው የነበሩት ትልልቅ ሰዎች ከፊት ቆመዋል። ማስጠንቀቂያው ላይ ስደርስ ሰው ዞር ዞር ሲል አየሁ። አሥራ አንዱን ቀን አነበብኩ፤ ሆስፒታሉን አነበብኩ፤ ቁርሱን አነበብኩ።

ያን ጊዜ ከሁለተኛው ረድፍ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ፣ የልጅ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛቸው፣ ወደፊት ወጡ። ብዙ ሰው አወቃቸው፤ የእትዬ የድሮ አለቃ ናቸው።

«ያን ደብዳቤ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ሁሉም ግን ሰማቸው። «ምክንያቷን አልጠየቅኳትም። ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ጠዋት ጠዋት ቀድማኝ ገብታ፣ እንደምን አደሩ ትለኝ ነበር።»

ከዘራቸውን ደገፍ ብለው ጥቂት ቆሙ። የልጅ ልጃቸው ልትመልሳቸው ስትል እንቢ አሉ፤ መቃብሩ አፈር እስኪለብስ ድረስ ከአፋፉ አልተነቃነቁም።